ካርዱ እያለ «ካርድ የለም»

በውድ የሚሸጡ የምሕንድስና፣ የዲዛይንና የስሌት ፕሮግራሞች ገዢያቸውን በስምም በመልክም አያውቁትም። የሚያውቁት ኮምፒውተሩን ነው፤ እሱንም ቢሆን በአንድ ቁጥር ብቻ። ፕሮግራሙ ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ ላይሰንስ የሚባለውን የፈቃድ ፋይል ያነባል፤ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ ቁጥር ጋር ያመሳክራል፤ ከገጠመ ሥራ ይጀመራል፣ ካልገጠመ ይዘጋል። ክርክር የለም። ደረሰኝ አውጥቶ ማሳየት አይቻልም፤ ማኅተም ያረፈበት ውል ቢኖርም የሚያነበው የለም።

ቁጥሩ ባይገጥም አንድ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ይፈለጋል። የሚያስደንቀው ሁለተኛው መልስ ነው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን ከዳር እስከ ዳር ፈትሾ «የኔትወርክ ካርድ አልተገኘም» ይላል። ይህን የሚለው ባለቤቱ በዚያው ካርድ ኢሜይል እየላከ፣ አንዳንዴም የዚያው የራሱ የፕሮግራሙ ማሻሻያ በዚያው ካርድ እየወረደ ነው። ሰው ቢሆን ዐይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ይምል ነበር።

ቁጥሩ ማክ አድራሻ ይባላል። 48 ቢት ሲሆን፣ ሲጻፍ ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት የላቲን ፊደላት እየተሰባጠሩ 12 ምልክት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች አምራቹን ያመለክታሉ፤ ለየአምራቹ የሚያድላቸው አይትሪፕልኢ የሚባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። የቀሩትን 6 አምራቹ ራሱ ለየካርዱ ይሰጣል። በዚህ ስሌት ከ281 ትሪሊዮን በላይ ቁጥር ስለሚገኝ ሁለት ካርድ አንድ ቁጥር አይዝም ተብሎ ይታመናል። ይታመናል እንጂ፣ ከርካሽ የዩኤስቢ ኔትወርክ አስማሚዎች መካከል ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር የታተመባቸው ወጥተዋል። እነዚህን ሁለት ገዝቶ በአንድ ቢሮ የሰካ ሰው የሚገጥመው ጣጣ ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል።

ቁጥሩ የተፈጠረው በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው መረጃ ለየትኛው ማሽን እንደተላከ እንዲለይ ነው። የፈቃድ ዘበኛ የሆነው ኋላ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሻጮች ከኮምፒውተሩ ጀርባ በፕሪንተሩ ሶኬት የሚሰካ ትንሽ ቁልፍ ከፕሮግራሙ ጋር ያስረክቡ ነበር። ቁልፉ ከጠፋ ፕሮግራሙም አብሮ ጠፋ ማለት ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከኮምፒውተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ግሎብትሮተር እና ሃይላንድ ዲጂታል የተባሉ ኩባንያዎች ፍሌክስኤልኤም የሚባለውን የፈቃድ ተቆጣጣሪ አወጡ። ሻጮቹ በየፊናቸው ዘበኛ ከማሠልጠን ይልቅ ይህንኑ እየገዙ በየፕሮግራማቸው በር ላይ አቆሙት። ዘበኛው በ2000 ወደ ማክሮቪዥን ተዛወረ፣ በ2008 አክሬሶ ተባለ፣ በ2009 ፍሌክሴራ ሆነ። አሳዳሪው ቢለዋወጥም ጠባዩ ያው ነው፤ ዛሬም የስሌት፣ የቺፕ ዲዛይንና የምሕንድስና ፕሮግራሞች ፈቃድ በአብዛኛው በእሱ ወይም በአምሳያዎቹ እጅ ነው።

የቀድሞዎቹ የሰን ኩባንያ ኮምፒውተሮች ለዘበኛው የሚያሳዩትን መለያ የሚያስቀምጡት ባትሪ በተቀበረበት ቺፕ ውስጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ ማን እንደሆነ ይረሳል። መለያውን ሲጠይቁት ስምንት ኤፍ ደርድሮ ይመልሳል። በአስር ሺሕ ዶላር የሚቆጠር ፕሮግራም የጫነ መሥሪያ ቤት በአንዲት ባትሪ ምክንያት ሥራ ፈትቶ ይውላል። በዚህ የተማረሩ ሰዎች ቺፑን በስለት ቧጠው አዲስ ባትሪ በሽቦ መበየድ ተምረዋል። ኢንጂነር ለመሆን የተማሩት ትምህርት በመጨረሻ ጠቅሟቸዋል ማለት ይቻላል።

ዛሬ ካርድ አልተገኘም የሚለው መልእክት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ካርዱን ያላየው ማን ነው የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ አላየውም ወይስ ኮምፒውተሩ አይቶት የፈቃድ ተቆጣጣሪው ነው ያላየው? በዊንዶውስ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ «ጌትማክ» የሚለውን በላቲን ፊደል መጻፍ በቂ ነው፤ ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ካርዶች ቁጥር ይዘረዝራል። በሊኑክስ «አይፒ ሊንክ» ይባላል። ቁጥሩ እዚያ ካልወጣ ጥፋቱ የፈቃዱ አይደለም፤ ድራይቨሩ አልተጫነም፣ ካርዱ በዲቫይስ ማኔጀር ወይም ገና ሲበራ በሚከፈተው ባዮስ ውስጥ ተዘግቷል፣ ወይም ደግሞ ካርዱ በእርግጥ ተቃጥሏል። ቁጥሩ ከወጣ ግን ኮምፒውተሩ ነጻ ነው፤ ምርመራው ወደ ዘበኛው ይዞራል። ፍሌክስኤልኤም «ኤልኤም ሆስትአይዲ» የሚባል የራሱ መጠየቂያ አለው። ጤነኛ ሲሆን 12ቱን ምልክት ያወጣል። ሲታመም ግን ጥቅሱን ከፍቶ፣ መካከሉ ምንም ሳይጽፍ፣ ጥቅሱን ይዘጋል። ምንም አለመናገርን በትምህርተ ጥቅስ ያስቀመጠ ሌላ ጸሐፊ መኖሩ ያጠራጥራል።

ለዚህ ባዶ ጥቅስ በሊኑክስ የታወቀ ምክንያት አለ። ድሮ በሊኑክስ የመጀመሪያው የኔትወርክ ካርድ ስም «ኢቲኤች0» ነበር። ሁለት ሦስት ካርድ ያለው ማሽን ላይ ግን የትኛው 0፣ የትኛው 1 እንደሚሆን የሚወሰነው የማን ድራይቨር ቀድሞ እንደነቃ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ስሞቹ ይቀያየራሉ። ወደ ውጭ የሚያወጣውን በር የሚጠብቀው ፋየርዎል ወደ ውስጥ በሚያስገባው በር ላይ ቆሞ ይገኛል። ይህን ለማስቀረት ሲስተምዲ የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት አስተዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 197ኛ እትሙ ካርዱ የሚጠራው በተሰካበት ቦታ እንዲሆን አደረገ። ኢቲኤች0 የነበረው ለምሳሌ «ኢኤንፒ3ኤስ0» ተባለ። ከሊኑክስ ስርጭቶች መካከል በ2014 ሬድሃት 7፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ኡቡንቱ 15.10 ይህንኑ ተከተሉ።

አሠራሩ ለአስተዳዳሪዎች ዕረፍት ነበር። ዘበኛው ግን አልሰማም። የቆዩት የፍሌክስኤልኤም እትሞች ካርድ የሚፈልጉት ኢቲኤች0 በሚል ስም ብቻ ነው። ሰፈሩ ሲታደስ የቤት ቁጥር መቀየሩን ሳይሰማ፣ የድሮውን ቁጥር ይዞ መጥቶ፣ ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ እያየው «እንዲህ ያለ ቤት የለም» ብሎ ወረቀቱን እንደሚመልስ መጥሪያ አድራሽ ናቸው። ካርዱን ቀርቦ ስምህ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያውና የተሻለው ሻጩን አዲስ የፈቃድ ተቆጣጣሪ መጠየቅ ነው፤ አዳዲሶቹ እትሞች የስም ለውጡን ያውቃሉ። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ሲነሣ በድሮው ስም እንዲጠራ ማድረግ ነው፤ ሊኑክስን በሚያስነሣው በግሩብ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ኔት.ኢፍኔምስ=0» የሚለው ይጨመራል፣ ግሩብ ይታደሳል፣ ማሽኑ ጠፍቶ ይበራል። ብዙ ካርድ ባለው ሰርቨር ላይ ይህ ያንኑ የድሮ ምስቅልቅል መልሶ መጥራት ስለሆነ አይመከርም። ሦስተኛው ከሁሉም ያስቃል። ሊኑክስ በእውን የሌለ፣ ኬብል የማይሰካበት፣ ዱሚ የሚባል የይስሙላ ካርድ መፍጠር ይችላል። ይህን የይስሙላ ካርድ ኢቲኤች0 ብሎ መሰየምና የእውነተኛውን ካርድ ቁጥር መስጠት ነው። እውነተኛውን ካርድ አላየሁም ያለው ተቆጣጣሪ የሌለውን ካርድ አይቶ በደስታ በሩን ይከፍታል። የሚሰጠው ቁጥር ፈቃዱ የተገዛለት የዚያው ማሽን ቁጥር እስከሆነ ድረስ የተደበቀ ነገር የለም። የሌላ ማሽን ቁጥር መስጠት ግን ውል ማፍረስ ነው።

እዚህ ድረስ የተጓዘ ሰው አንዳንዴ ገና መጠየቂያው ላይ ይሰናከላል። ኤልኤም ሆስትአይዲ የሚባለውን ፋይል በተርሚናል ያስነሣዋል፤ ሊኑክስ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም አቃፊ የለም» ይለዋል። ፋይሉን በዝርዝር ያየዋል፣ አለ። መጠኑን ያያል፣ አለ። የማስነሣት ፈቃዱን ያያል፣ አለ። መልሶ ያስነሣዋል፤ የለም። የሌለው ፋይሉ ሳይሆን የፋይሉ አስነሺ ነው። መጠየቂያው ሲሠራ ኤልኤስቢ በሚባለው የሊኑክስ የጋራ ደረጃ በተሰየመ አስነሺ እንዲነሣ ስለተጻፈ፣ ያ አስነሺ በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ሊኑክስ ማን እንደጎደለ ሳይለይ ጥፋቱን በተጠራው ላይ ያደርጋል። የኤልኤስቢ ጥቅል ያለበት እትም ላይ እሱን መጫን፣ ጥቅሉ በተነሣባቸው አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ በዚያ ስም ወደ መደበኛው አስነሺ የሚወስድ ሲምሊንክ የሚባል አቋራጭ ማበጀት ይበቃል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ምክንያቱን ማግኘቱ ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሊበላ ይችላል።

በዊንዶውስ በኩል ያለው ችግር ብዙውን ጊዜ የካርድ ማነስ ሳይሆን የካርድ መብዛት ነው። ዋይፋዩ አንድ፣ የኬብሉ ሁለት፣ ብሉቱዙ ሦስት፣ ቪፒኤን ሲጫን አራት፣ ቨርቹዋል ማሽን ሲጫን አምስትና ስድስት። አንዳንድ ፕሮግራም ሁሉንም አይቶ ከመካከላቸው የራሱን ይመርጣል። አንዳንዱ ግን ከሰልፉ ፊት የቆመውን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ትላንት ያልነበረ ቪፒኤን ዛሬ ከፊት ከቆመ፣ ፈቃዱ የወጣለት ካርድ ከኋላ ቆሞ እጁን ቢያወጣም አይታይም። ቪፒኤኑን አጥፍቶ መሞከር እንግዲህ ከርካሾቹ ሙከራዎች አንዱ ነው። አንዳንድ የቢሮ ላፕቶፖች ደግሞ የኔትወርክ ኬብል ሲሰካ ዋይፋዩን የሚያጠፋ ቅንብር በባዮሳቸው አለ። በዋይፋዩ ቁጥር ፈቃድ ያወጣ ሰው ኬብል በሰካ ቁጥር ፕሮግራሙ ይዘጋበታል፤ ኬብሉን ሲነቅል ይከፈትለታል። ይህን የሚነግሩት የአይቲ ሠራተኛ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ቀጥሎ «ጋሼ፣ ሪስታርት አድርገውታል?» ይላል።

ከማሽኑ ውጭ ባለ ነገር ቁጥር ፈቃድ ማውጣት ደግሞ ነገር መፈለግ ነው። ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች የኬብል ሶኬት ከተወላቸው ቆይቷል፤ ማክቡክ ኤር እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ጀምሮ አልነበረውም። ሻጩ የኬብል ካርድ ቁጥር ካልተሰጠኝ ሲል ገዢው የዩኤስቢ አስማሚ ገዝቶ የሱን ቁጥር ይልካል። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ ያለው በላፕቶፑ ሳይሆን በአስማሚው ነው። አስማሚው ቢሮ ተረስቶ ሰውየው ክፍለ ሀገር ከወጣ ፕሮግራሙም ቢሮ ቀርቷል። የባሰው ስልክ ነው። እንደኛ አገር ኢንተርኔት በብዛት በስልክ ዳታ በሚገኝበት ቦታ፣ ስልክን በዩኤስቢ ሰክቶ ላፕቶፕን ማገናኘት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ዊንዶውስ የተሰካውን ስልክ እንደ አንድ የኔትወርክ ካርድ ይቆጥረዋል፤ ቁጥሩንም ከሌሎቹ ጋር ይዘረዝረዋል። ቁጥሩን ለቅሞ የላከ ሰው የስልኩን ቁጥር ልኮ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ሲነቀል ካርዱ ይጠፋል፤ ሲመለስም በብዙ ስልኮች ሌላ ቁጥር ይዞ ይመጣል።

ቁጥር መቀያየር ዛሬ በራሱ በዋይፋዩም አለ። በየካፌውና በየኤርፖርቱ ሰውን በማክ አድራሻው መከታተል ስለተጀመረ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 በአይኦኤስ 8 የዘፈቀደ ቁጥር ማሳየት ጀመረ፤ በ2019 አንድሮይድ 10 መደበኛ አደረገው፤ ዊንዶውስ 10ም በቅንብሩ ውስጥ ምርጫ አስቀመጠለት። ለግል ሕይወት ጥሩ ነው። ለፈቃድ ግን መርዝ ነው። ደግነቱ የዘፈቀደ ቁጥር ይታወቃል፦ ሁለተኛው ምልክቱ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ ቁጥሩ ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን እዚያው ማሽኑ ላይ የተፈጠረ ነው። ይህን ሁለተኛ ምልክት ሳያዩ ቁጥር ለሻጭ መላክ አይገባም።

አላላኩም ራሱ መንገድ አለው። ዊንዶውስ ቁጥሩን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በሰረዝ፣ ሊኑክስ በሁለት ነጥብ ይለያያል፤ ብዙው የፈቃድ ፋይል ግን 12ቱን ሳይለያይ ነው የሚፈልገው። በስልክ ማስነበብ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

«እህቴ፣ ቢ ነው ያሉኝ ዲ?»

«ዲ። ዳንኤል።»

«ከዚያስ?»

«ኢ።»

«ኢ ኢትዮጵያ ነው ወይስ ኤ አሜሪካ?»

«ኢትዮጵያ ነው እንጂ! ቀጥሎ ኦ።»

ኦ የሚባል ፊደል በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ክብ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ዜሮ ነው። እሱን ኦ ብሎ የተቀበለ ወኪል የሚያወጣው ፈቃድ የትም ማሽን ላይ አይከፈትም፤ በፍሌክስኤልኤም ቋንቋ ስሕተት ቁጥር ‑9 ይባላል፣ ማሽኑ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ማሽን አይደለም ማለት ነው። ቁጥሩን ከመስኮቱ ኮፒ አድርጎ በኢሜይል ከመላክ የተሻለ ዘዴ አልተገኘም።

አንዳንድ ሻጭ ከኔትወርክ ካርድ ጣጣ ለመሸሽ ፈቃዱን ከሲ ድራይቭ መለያ ቁጥር ጋር ያስራል። ይህ ቁጥር ከሃርድ ዲስኩ ፋብሪካ የመጣ አይደለም፤ ዊንዶውስ ድራይቩን ፎርማት ሲያደርግ የሚሰጠው ነው። በኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ደግሞ ለቀሰስተኝነትም፣ ለቫይረስም፣ ለማይታወቅ ድምፅም የሚታዘዘው ሕክምና ፎርማት ነው። የጥገና ቤቱ ልጅ ሰነዶቹን በፍላሽ አውጥቶ፣ ፎርማት አድርጎ፣ ሁሉን ነገር መልሶ፣ የፈቃድ ፋይሉንም ሳይረሳ ቦታው ላይ አስቀምጦ ያስረክባል። ፈቃዱ ግን ሞቷል፤ የታሰረበት ቁጥር ከነድራይቩ ታጥቧል። ማክ አድራሻ ፎርማትን ይችላል። የማይችለው ማዘርቦርድ መቀየርን ነው፤ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የተሠራ ከሆነ አብሮ ይሄዳል።

ቨርቹዋል ማሽን ላይ የተጫነ ፕሮግራም የሚገጥመው ችግር የእውነተኝነት ፈተና ይመስላል። ቪኤምዌር በሚባለው ፕሮግራም ላይ ያለ ማሽን ወደ ሌላ አቃፊ ተወስዶ ሲከፈት «አዛወርከኝ ወይስ ገለበጥከኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ገልብጬሃለሁ ለሚል አዲስ ማክ አድራሻ ይሰጠዋል፣ ፈቃዱም ይዘጋል። አዛውሬሃለሁ ለሚል የድሮው ቁጥር ይቆያል። መጠባበቂያ ሲል ገልብጦ እውነቱን የተናገረ ሰው ከሰዓት በኋላውን ከሻጩ ጋር በስልክ ያሳልፋል።

የዚህ ሁሉ ጥበቃ ዋጋ ምን ያህል ነው ቢባል፣ ማክ አድራሻን መቀየር ለሚያውቅ ሰው የጥቂት ሰኮንድ ሥራ ነው። የተሰበረ ቅጂ የጫነ ሰው ካርድ አልተገኘም የሚል መልእክት አይቶ አያውቅም፤ ዘበኛው ከፕሮግራሙ ተነቅሎ ወጥቷልና። መልእክቱን እየደጋገሙ የሚያዩት የከፈሉት ናቸው።

ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ፈቃዱ ሲዘጋ ሰዓቱን ማየትም አይከፋም። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ስትደክም፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ፈቃዱ ገና ያልተጀመረ ሆኖ ይታያል፤ ተቆጣጣሪውም ሰዓቱ ሆን ተብሎ ወደኋላ የተመለሰ መስሎት ይቆጣል። ይህ ስሕተት ቁጥር ‑88 ነው። ባትሪዋን ለውጦ ቀኑን ማስተካከል ነው፤ ፎርማት አያስፈልግም።

በአጠቃላይ፣ ለፈቃድ የሚመረጠው ቁጥር ማዘርቦርዱ ላይ የተሠራው የኬብል ካርድ ቁጥር ነው፤ እሱ ከሌለ ውስጥ የተገጠመው የዋይፋይ ካርድ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፕሮግራም ከሆነ ፈቃዱን ቢሮው ባለው አንድ ሰርቨር ላይ አስሮ፣ ሌሎቹ በኔትወርክ እንዲበደሩ ማድረግ ይሻላል። ያኔ የሚጠበቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ካርዳቸው ቢቃጠልም ቢቀየርም ማንም አይጠይቃቸውም። የሰርቨሩ ፋየርዎል ግን ሁለት በር (ፖርት) መክፈት አለበት፤ አንዱ በተለምዶ ከ27000 እስከ 27009 ካሉት የሚመረጠው የተቆጣጣሪው በር ሲሆን፣ ሁለተኛው የሻጩ የራሱ አገልግሎት የሚሠራበት ነው። ይህኛው ካልተወሰነለት በተነሣ ቁጥር ስለሚቀያየር በፈቃድ ፋይሉ ውስጥ ቁጥሩን ቆርጦ መስጠት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ከተከፈተ ሰርቨሩ አለሁ ይላል፣ ፈቃድ ግን አይሰጥም።

ማሽን ሲቀየር ፈቃዱም ይዛወራል። ብዙ ሻጮች የድሮው ፈቃድ ከእንግዲህ እንደማይሠራበት የሚገልጽ ቅጽ አስፈርመው በአዲሱ ቁጥር አዲስ ፋይል ይልካሉ፤ ማሽኑ ሳይሸጥ ወይም ሳይጣል ይህን መጨረስ ይቀላል። አዲሱ ፋይል ሲመጣ አሮጌው ከአቃፊው መውጣት አለበት፤ የፈቃድ ፋይሉን ቦታ ለፕሮግራሙ የሚነግረው የስርዓቱ ተለዋዋጭም (ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል) ወደ አዲሱ መዞር አለበት። አለዚያ ፕሮግራሙ ቀድሞ የሚያነበው የተጣለውን ማሽን ፈቃድ ሊሆን ይችላል።